አልዞር ያለ የታደሰ ሞተር

ወርዶ፣ ተፈትቶና በአዲስ ዕቃ ተገጥሞ የተመለሰ ሞተር ንቅንቅ አልል የሚልበት ምክንያት፣ አሮጌ ሞተር ከሚይዝበት ምክንያት የተለየ ነው። አሮጌ ሞተር የሚይዘው በዘይት ማነስ፣ በሙቀት ወይም በዝገት ነው፤ ትናንት ይዞር የነበረ ዕቃ ዛሬ ተበላሽቷል። የታደሰ ሞተር የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ልኩ ያልሆነ ዕቃ ስለገባበት፣ ዕቃው ቦታውን ስለሳተ ወይም እዚያ ፈጽሞ መገኘት የሌለበት ነገር ውስጡ ስለቀረ ነው። ስለዚህ ፍለጋው የመገጣጠሙን ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ የተገጠመው መጀመሪያ ይጠረጠራል።

በዚህ ምዕራፍ እንደ ምሳሌ የተወሰደው በአየር የሚቀዘቅዘው ባለ 4 ሲሊንደር የቮልስዋገን ቢትል ሞተር ነው፤ አዲስ አበባ ቮልስ የሚላት መኪና ማለት ነው። መኪናዋ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዕብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። ሞተሯ ለዚህ ርዕስ የሚመች አሠራር አለው። ብሎኩ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠሩ ሁለት ግማሾች ናቸው። ኮሎው፣ ማለትም የፒስቶኖቹን ወጣ ገባ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ፣ በሁለቱ መካከል ተኝቶ ይታሰራል። በዚህ ምክንያት የመገጣጠም ስህተት በቀጥታ ኮሎውን አንቆ ይይዘዋል። እዚህ የተጻፈው የፍለጋ መንገድ ግን ለፊያት 600ም ሆነ ለፔጆ 404 ይሠራል፤ የሚለያዩት ልኮቹ ብቻ ናቸው።

ሞተሩ ነው ወይስ ሞተሪኖው?

ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ መሰማቱ ሞተሩ ይዟል ማለት አይደለም። በደንብ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሥራ ሳይዝ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሲጠራ ከ9 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይ ሞተሪኖው ከባድ ነገር እየገፋ ነው። ሁለቱን ለመለየት ሌላ ጤነኛ ባትሪ ማገናኘት ይበቃል።

ከእድሳት በኋላ ከሁሉም በላይ የሚረሳው ማሳው፣ ማለትም የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር ነው። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ የተቀመጡት ጎማ ላይ ስለሆነ ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኛቸው ከመዳብ ክር የተጎነጎነ አንድ ገመድ ነው፤ እሱም በካምቢዮው አፍንጫ በኩል ይታሰራል። ገመዱ ካልታሰረ፣ ወይም የሚታሰርበት ቦታ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣል። መንገድ ፍለጋ በነዳጅና በፍሪሲዮን ገመዶች በኩል ስለሚያልፍ ገመዶቹ ሊግሉና ሊያጨሱ ይችላሉ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቆ ገመዱን ማሰር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህን ሳያዩ ሞተር ማውረድ ደግሞ የአንድ ቀን ድካም።

ሞተሪኖውም ራሱ ሊይዝ ይችላል። በቀድሞዎቹ ቮልሶች የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚዞረው በካምቢዮው ገላ ውስጥ በገባ ትንሽ የነሐስ ቡሽ ላይ ነው። ቡሹ ሲበላ ዘንጉ ዘንበል ይልና ጥርሱ በኮሎው ጫፍ ከታሰረው ከባድ ዲስክ፣ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ተቆላልፎ ይቀራል። የሞተሪኖውን ሁለት ማሰሪያዎች ማላላት ይህን ወዲያው ይለያል፤ ከላሉ በኋላ ሞተሩ በእጅ ከዞረ ምርመራው እዚህ ላይ ያበቃል።

በእጅ ማዞር

ኤሌክትሪኩ ጤነኛ ከሆነ ባትሪው ይፈታል፣ ካምቢዮው ፎሌ ላይ ይደረጋል፣ 4ቱም ካንዴላዎች ይወልቃሉ። ካንዴላዎቹ ካልወለቁ የታመቀው አየር የሚፈጥረው ተቃውሞ ብረት ከብረት ሲነካካ ከሚመጣው ጋር ይደባለቃል። ከዚያ በኮሎው ፑሌጃ መሐል ባለው ትልቅ ብሎን ላይ 30 ቁጥር ቁልፍ ገብቶ በዝግታ ይገፋል። ብዙዎች የሚጠቀሙት በዲናሞው ፑሌጃ ላይ ያለውን 21 ቁጥር ዳዶ ነው፤ ነገር ግን ቺንጋው ስለሚንሸራተት እጅ የሚሰማው ስሜት እውነተኛ አይሆንም።

በቁልፉ እጀታ ላይ ረጅም ቱቦ መቀጠል አይገባም። በአንዳንድ ጋራዥ «አዲስ ስለሆነ ጠብቋል፣ ሲጎተት ይላቀቃል» ተብሎ መኪናው በሌላ መኪና ይጎተታል። ይህ ከሁሉ የከፋው ምርጫ ነው፤ በአንድ የሃምሳ ሜትር ጉተታ ኮሎው የሚዞርበት ብሮንዚና ይላጣል፣ ፒስቶኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ቢየላ ይጣመማል፣ ካንዴላ በወለቀበት ቀዳዳ የገባች አንዲት ዳዶ ፒስቶኑን ትበሳለች። በሰው ክንድ ያልዞረ ሞተር ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ በሌላ ጉልበት መዞር የለበትም።

ከእጅ የሚገኘው ስሜት ግን ብዙ ይናገራል። አዲስ የፒስቶን ፋሻ ያለው ሞተር ካንዴላዎቹ ወልቀው ሲዞር ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ለስላሳ ግን ጠንከር ያለ ተቃውሞ አለው፤ ይህ ጤናማ ነው። አንዲት ዲግሪ እንኳ የማይንቀሳቀስ ሞተር ኮሎው ታንቋል፣ ወይም ቮላኖው ያለ ክፍተት ታስሯል፣ ወይም ከሞተሩ ውጭ ያለ ነገር ቆልፎታል። ከዳር እስከ ዳር የሚከብድ ሞተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የብሮንዚና ወይም የፋሻ ልክ ስህተት ያለበት ነው።

የሚዞርና ድንገት «ጭው» ብሎ የሚቆም ሞተር ለመርማሪው ከሁሉም ይቀላል፤ የሚቆምበት ቦታ ራሱ ይመሰክራል። የቆመበት ቦታ በፑሌጃው ላይ በኖራ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ እስኪቆም ይዞርና እንደገና ምልክት ይደረግበታል። በአራቱ ሲሊንደሮች አሠላለፍ 1ኛውና 3ኛው ፒስቶን ጫፍ የሚደርሱት በአንድ ጊዜ ነው፤ 2ኛውና 4ኛውም ግማሽ ዙር ቆይተው እንዲሁ አብረው ይደርሳሉ። ሁለቱ ምልክቶች የ1ኛውን ሲሊንደር ጫፍ የሚያሳየውን የፑሌጃ ጭረት በግራና በቀኝ እኩል ከከበቡት፣ የሚገታው ነገር 1ኛ ወይም 3ኛ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ከጭረቱ ተቃራኒ በኩል ከሆኑ 2ኛው ወይም 4ኛው ይጠረጠራል። በዚህ መንገድ ከአራት ሲሊንደር ሁለቱ ሳይከፈቱ ነፃ ይወጣሉ።

ሌላው ምስክር ክብደቱ የሚመጣበት ጊዜ ነው። ካምሻፍት የሚዞረው በኮሎው ግማሽ ፍጥነት ነው። በየዙሩ አንድ ጊዜ የሚከብድ ሞተር ችግሩ በኮሎው፣ በቢየላው ወይም በፒስቶኑ በኩል ነው። በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ የሚከብድ ከሆነ ግን ካምሻፍቱ፣ እንግራናጁ ወይም ቫልቮላዎቹ ናቸው። ይህን ለማወቅ ሞተሩን ቢያንስ አራት ሙሉ ዙር ማዞርና መቁጠር ያስፈልጋል።

ከውጭ ያሉት

የቮልስ ቬንቲላተር የተገጠመው ከዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ በዙሪያው ያለው ላሜራ ትንሽ ከተጣመመ ክንፎቹን ይነካል። ቺንጋውን ማውለቅ ዲናሞውንም ቬንቲላተሩንም ከጥርጣሬ ያወጣል። የኮሎው ፑሌጃም ከኋላው ባለው ላሜራ ሊታሸት ይችላል፤ የተላጠ ቀለም ያጋልጠዋል።

ሞተሩ መሬት ላይ ሳለ ይዞር ከነበረና መኪናው ላይ ሲታሰር ከያዘ ጥፋቱ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ቮልስ ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ስትሸጋገር፣ እንደየገበያው እ.ኤ.አ. በ1966 እና 1967፣ ቮላኖዋም ተለወጠ። የ6 ቮልቱ 109 ጥርስ አለው፤ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ያለው ሲሆን ዙሪያውም ሰፋ ይላል። አዲሱ ቮላኖ በአሮጌው ካምቢዮ ካምፓና ውስጥ ሲገባ ጥርሱ የካምፓናውን ግድግዳ ይነካል፤ ግድግዳው በጥቂቱ ካልተፋቀ በስተቀር ሞተሩ አይዞርም። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያስሩት 4 ብሎኖች ብቻ ስለሆኑ ወደ ኋላ ጎትቶ ማየት ከባድ አይደለም። ከካምፓናው የተፋቀ ብናኝ በጥርሶቹ ላይ ከታየ ነገሩ ታውቋል።

ሲሊንደር ውስጥ ያለ እንግዳ

ካንዴላዎቹ ወልቀው ሞተሩ ሲገፋ ፈሳሽ ፊጭ ብሎ ከወጣ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ፣ ዘይት ወይም፣ በውኃ በሚቀዘቅዙ ሞተሮች፣ ውኃ ተጠራቅሟል። ፈሳሽ እንደ አየር አይታመቅም፤ ካንዴላው እንደታሰረ በሞተሪኖ ቢገፋ የሚጣመመው ቢየላው ነው። በቮልስ ነዳጅ ወደዚህ የሚደርሰው የካርቡራተሩ መርፌ በደንብ ሳይዘጋ ሲቀር ነው፤ በዚያን ጊዜ ዘይቱም ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ መለወጥም አለበት። ቤንዚን በሚረጭበት ሰዓት የኮይሉ ሽቦ መፈታቱ የግድ ነው፤ አንዲት ብልጭታ ጋራዡን ታቃጥላለች።

በቴስታታው ቀዳዳ የገባች ዳዶ ወይም ሮንዴላ በካንዴላው ቀዳዳ በኩል በትንሽ መብራት ልትታይ ትችላለች። ቫልቮላ ከፒስቶን ጋር መጋጨቱን ለማወቅ ደግሞ በሁለቱም ወገን ቫልቮላዎቹን የሚረግጡት ክንዶች የታሰሩበት ዘንግ ይላላል። ያን ጊዜ ሁሉም ቫልቮላ በሞላው ኃይል ይዘጋል። ሞተሩ ከዞረ ጥፋቱ በካምሻፍቱ አቀማመጥ ወይም በቫልቮላው ነው፤ ካልዞረ ቫልቮላዎቹ ነፃ ናቸው።

ታድሶ ሳይነሳ የቆመ ሞተርም አለ። የቮልስ ሲሊንደሮች ፎንደሪ ብረት ናቸው፤ አንድ ክረምት እርጥበት ባለው ቤት ያለ ዘይት ከተቀመጡ ፋሻው ከግድግዳው ጋር በዝገት ይጣበቃል። መድኃኒቱ በየካንዴላው ቀዳዳ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ጨምሮ ጥቂት ቀን መታገሥ፣ ከዚያም ቁልፉን ወዲያና ወዲህ በጥቂቱ ማወዛወዝ ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ መጫን ፋሻ ይሰብራል።

ቮላኖውና 3ቱ ስፔሶሮች

ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት የሚታለፈው ጥፋት እዚህ አለ። ኮሎው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚላወስበት ክፍተት በቮልስ የሚወሰነው በቮላኖውና በ1ኛው ብሮንዚና መካከል በሚገቡ 3 ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ነው፤ መካኒኮች ስፔሶር ይሏቸዋል። ትክክለኛው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው። የስፔሶሮቹ ድምር ውፍረት ይህን ክፍተት እስኪያጠፋ ሲበዛ፣ ወደ 300 ኒውተን ሜትር የሚጠብቀው ባለ 36 ቁጥሩ የቮላኖ ዳዶ ቮላኖውን ከብሮንዚናው ጎን ጋር አጣብቆ ኮሎውን ይቆልፈዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ቮላኖው ከመታሰሩ በፊት ሞተሩ ይዞራል፣ ከታሰረ በኋላ አይዞርም፤ ዳዶው ሲላላ እንደገና ይዞራል።

ልኩ የሚገኘው እንዲህ ነው። 2 ስፔሶሮች ብቻ ገብተው ቮላኖው ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል። ኮምፓራቶር በብሎኩ ላይ ታስሮ ጫፉ ቮላኖውን እንዲነካ ይደረጋል፤ ቮላኖው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲገፋ የሚታየው ቁጥር ይመዘገባል። ለምሳሌ 0.44 ሚሊሜትር ከሆነ የሚፈለገው 0.10 ሚሊሜትር ክፍተት ይቀነስለታል፤ ሦስተኛው ስፔሶር 0.34 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ይህ ውፍረት ፋብሪካው ከሚያወጣቸው ልኮች አንዱ ነው። የስፔሶሮቹ ቁጥር ሁልጊዜ 3 ነው። በ2 ብቻ ማሳለፍም ሆነ 4 መደርደር፣ ልኩ ቢመጣ እንኳ፣ ትክክል አይደለም። ከአሮጌው ሞተር የወጡትን መልሶ መክተትም አይበቃም፤ ብሮንዚናው ሲለወጥ ልኩ ይለወጣል።

ብሎኩ ሲከፈት

እስከዚህ ድረስ ያልተገኘ ጥፋት በብሎኩ ውስጥ ነው። ቴስታታዎቹና ሲሊንደሮቹ ይወርዳሉ፤ ፒስቶኖቹ ከወለቁ በኋላ ሞተሩ ከዞረ ፋሻው ወይም የፒስቶኑ ልክ ስህተት ነው። ፋሻው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በአፎቹ መካከል ያለው ክፍተት በክፍተት መለኪያ ምላጭ ይለካል፤ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል። በፒስቶኑ ራስ ላይ ያለው ቀስትም ወደ ቮላኖው ማመልከት አለበት።

ፒስቶን ሳይኖርም ኮሎው ካልዞረ የብሎኩን ሁለት ግማሾች የሚያስሩት 6 ትላልቅ ዳዶዎች በግማሽ በግማሽ ዙር ይላላሉ። በዚህ ጊዜ ኮሎው ሲላቀቅ የተጨነቀው ከዋናዎቹ ብሮንዚናዎች አንዱ ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ተጠርጣሪው መጀመሪያ ስፒናው ነው። ቮልስ 4 ዋና ብሮንዚናዎች አሏት። 1ኛው፣ 3ኛውና 4ኛው ወጥ ቀለበት ሲሆኑ 2ኛው ብቻ ለሁለት የተከፈለ ነው። እያንዳንዱ ከኮሎው ጋር አብሮ እንዳይዞር ከብሎኩ ወጣ ያለች ትንሽ የብረት ስፒና በጀርባው ቀዳዳ ትገባለች። ቀለበቱ ጥቂት ዞር ብሎ ከተቀመጠና ስፒናዋ ቀዳዳውን ከሳተች፣ ብሎኩ ሲታሰር ጀርባውን ትወጋዋለች። ብረቱ ወደ ውስጥ ያብጥና ኮሎውን ይነክሳል።

ብሎኩ ተከፍቶ ብሮንዚናው ሲገለበጥ ማስረጃው በጀርባው ላይ ይገኛል፤ ከቀዳዳው ጎን ስፒናዋን የምታክል ክብ ጠባሳ፣ በውስጥ በኩል ደግሞ በዚያው ትክክል የሚያብረቀርቅ የተፋተገ ነጥብ። ይህ ብሮንዚና በመዶሻ ቀንቶ አይመለስም፤ ይጣላል። ስፒናዋ የተተከለችበት ቀዳዳም እንዳልሰፋ ይታያል። 3ኛው ብሮንዚና ከእንግራናጁ በስተጀርባ ስለሚገባ፣ ፊቱ ወደ ኋላ ሆኖ ከተገጠመ ቀዳዳው ከስፒናዋ ጋር አይገጥምም፤ ለማስተካከልም እንግራናጁን ከኮሎው ማውጣት ያስፈልጋል።

ይህን ስህተት የሚያስቀረው ዘዴ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቀለበት መጀመሪያ ባዶ ብሎኩ ውስጥ በስፒናው ላይ ይቀመጥና የብሎኩ ጠርዝ የደረሰበት ቦታ ላይ በሹል ነገር ጭረት ይደረጋል። ኮሎው ከብሮንዚናዎቹ ጋር ሲወርድ ጭረቶቹ ከጠርዙ ጋር እኩል ከሆኑ ስፒናዎቹ ቦታቸውን ይዘዋል። ቀለበቱ በጣት ሲነካ ካልተላወሰ ገብቷል።

ስፒናዎቹ ሁሉ ትክክል ከሆኑ የሚቀረው ልክ ነው። በ1600ው ሞተር የኮሎው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መቀመጫዎች ስታንዳርድ ልክ 55 ሚሊሜትር፣ የ4ኛው 40 ሚሊሜትር ነው። ኮሎው ቶርኖ ቤት ገብቶ 0.25 ሚሊሜትር ከተቀነሰ ብሮንዚናውም የዚያው 0.25 መሆን አለበት። በስህተት የ0.50 ከተገዛ የዘይቱ ቦታ በብረት ይሞላል፤ የሚፈለገው የዘይት ክፍተት የ0.04 ሚሊሜትር ጉዳይ ነውና። ብሎኩም በውስጥ በኩል ተፍቆ ሊሆን ስለሚችል ብሮንዚናው የውስጥና የውጭ ልክ አለው፤ ሁለቱም በጀርባው ላይ ታትመዋል። ሻጩ የነገረውን ሳይሆን ይህን ጽሑፍ ማንበብ፣ ኮሎውንም በማይክሮሜትር ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል።

ቢየላዎቹ የሚፈተኑት በየተራ ነው። የቢየላውና የክዳኑ ቁጥር አንድ ዓይነት ሆኖ በአንድ ወገን መሆን አለበት፤ የአንዱ ክዳን ለሌላው ከተገጠመ ይነክሳል። ዳዶዎቹ ወደ 32 ኒውተን ሜትር ከጠበቁ በኋላ ቢየላው ቀጥ ብሎ ሲቆምና ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ ይኖርበታል። ባይወርድ የክዳኑን ሁለት ጎኖች በትንሽ መዶሻ ቀለል አድርጎ መታ መታ ማድረግ ብሮንዚናውን ያስተካክለዋል፤ ከዚያም እምቢ ካለ ይፈታል።

ከካምሻፍት በኩል ሁለት ነገሮች ይታያሉ። ኮሎው ወደ ኋላ ሲዞር የካምሻፍቱ እንግራናጅ ካምሻፍቱን ከመቀመጫው የሚያነሳ ከሆነ ጥርሱ ሰፊ ነው። ሁለተኛው የዘይት ፓምፑ ነው። ባለ 3 ሪቬቱ ዝርግ እንግራናጅና ባለ 4 ሪቬቱ ጎድጓዳ እንግራናጅ የየራሳቸው ፓምፕ አላቸው፤ ሲደባለቁ የሪቬቶቹ ራስ የፓምፑን ገላ ይመታል። ፓምፑ ሲወልቅ ሞተሩ ከዞረና በጀርባው ላይ አዲስ ጭረት ከታየ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግም።

ሲመለስ

ጥፋቱ ተገኝቶ ሞተሩ እንደገና ሲገጠም ኮሎው በእያንዳንዱ ደረጃ በእጅ ይዞራል፤ ብሎኩ ከመዘጋቱ በፊት፣ እያንዳንዱ ትልቅ ዳዶ በጠበቀ ቁጥር፣ ከየፒስቶኑ በኋላ፣ ቮላኖው ከታሰረ በኋላ። በአንዱ ደረጃ ከከበደ ጥፋተኛው አሁን የተነካው ዕቃ ነው፤ ሥራው እዚያው ቆሞ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ይፈታል። ሞተሩ መኪናው ላይ ከታሰረ በኋላ 2.5 ሊትር ዘይት ይጨመራል፣ የኮይሉ ሽቦ ይፈታል፣ ካንዴላዎቹ እንደወለቁ ሞተሪኖው በየመሐሉ እያረፈ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ይጠራል። ካንዴላዎቹ የሚታሰሩት መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው።